ተመልካች የሌለው ሰልፍ

ባለፈው ወር በእርስ በርስ የማስተማር ልምምድ ሰዓት ከአንድ የታሪክ መጽሐፍ ያገኘሁትን ሥዕል ይዤ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ ነበር። ሥዕሉ ፈረሰኞች፣ መለከት ነፊዎችና ባንዲራ ተሸካሚዎች ተሰልፈው ሲያልፉ ያሳያል። እኔም «ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን በድል ሲገባ ሕዝቡ እንዲህ አድርጎ ተቀበለው» ብዬ አስተማርኩ። ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛችን እጁን አወጣና «ታዲያ ተቀባዩ ሕዝብ የት አለ?» አለኝ። ባየው ባየው የለም። ሰልፈኛ እንጂ ተመልካች አልተሣለም። ደወሉ ባይገላግለኝ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። መልሱን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያገኘሁትን እነሆ፣ ዕዳዬን ልክፈል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለው ሰልፍ ከቶ አልተደረገም። ቀዳማዊ ማክሲሚልያን የሀብስበርግ ቤተሰብ ተወላጅ ነው። በ1508 ሮማ ሄዶ በጳጳሱ እጅ ዘውድ ሊጭን ቢነሳ የቬኒስ መንግሥት መንገድ ስለዘጋበት፣ በትሬንቶ ከተማ «የተመረጠ የሮማ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ ወስዶ ተመለሰ። ገንዘብም ሁልጊዜ ያጥረው ስለነበር ከአውግስቡርጎቹ ባለባንኮች ከፉገሮች ይበደራል። የጥንት ሮማ አዛዦች ድል ሲያደርጉ ምርኮኛ አስከትለው በከተማ መካከል ያልፉ እንደነበር ተምረናል፤ የድንጋይ የድል በርም ይቆምላቸው ነበር። ማክሲሚልያን ሁለቱንም ፈለገ። በድንጋይ ሳይሆን በወረቀት አሠራቸው።

አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ድንች ቆርጠን ማኅተም ሠርተን የለ? የተቆረጠው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያልተቆረጠው ቀለም ይዞ ያትማል። (ስሙ ተገልብጦ የወጣበት እኔ ብቻ አልነበርኩም!) በእንጨትም ያው ነው። ሠዓሊው በጣውላው ላይ ይነድፋል፣ ቀራጩ በቢላዋ መስመሩን ትቶ ዙሪያውን ይፈለፍላል። አንድ ጊዜ የተቀረጸ ጣውላ ደግሞ በብዙ መቶ ቅጂ ያትማል።

የወረቀቱ የድል በር 195 ጣውላዎች ፈጅቷል። በ36 ትላልቅ ወረቀቶች ታትሞ ሲገጣጠም ቁመቱ ከሦስት ሜትር ተኩል ያልፋል፣ ከመማሪያ ክፍላችን ግድግዳ ይበልጣል ማለት ነው። በላዩ ላይ 1515 ተብሎ ተጽፏል፤ በ1517 እና በ1518 ግን 700 ያህል ቅጂ ታትሞ ለመሳፍንትና ለከተሞች ታደለ። የድንጋይ በር ባለበት ይቆማል፤ ይኼኛው በጋሪ ተጭኖ ይሄዳል።

ሰልፉ ከዚህም ይበልጣል። ከ130 በላይ በሆኑ ጣውላዎች የተቀረጸ ሲሆን ቢዘረጋ 54 ሜትር ይሆናል። ግማሽ ያህሉን የሠራው ሀንስ ቡርክማየር ነው። አዳኞች፣ ዘፋኞች፣ አስቂኞች፣ እግረኛ ጦር፣ የጦርነቱ ታሪክ የተጫነባቸው ሠረገላዎች ያልፋሉ። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ የሕንድ አገር የካሊኩት ሰዎች ከነዝሆናቸው ይመጣሉ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የተገዙ መስለው። ማክሲሚልያን በሕንድ አንድ ጋሻ መሬት አልነበረውም! ሥዕልን እንደ ፎቶግራፍ ማስረጃ አድርጌ በማስተማሬ በጣም ያፈርኩት እዚህ ላይ ነው።

ተመልካቹስ? እኔ እንደሚመስለኝ የተረሳ አይደለም። ከወረቀቱ ፊት የሚቆመው ሰው ራሱ ነው ተመልካቹ። በእውነተኛ ሰልፍ ሕዝብ ሊያንጎራጉር፣ ሊስቅ፣ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል። በወረቀቱ ሰልፍ ግን ለዚህ ቦታ አልተተወም።

የሠሪዎቹም ነገር መነሳት አለበት። በሥራው ከተሳተፉት አንዱ አልብረኽት ዱረር በዓመት 100 ፍሎሪን ጡረታ ተቆረጠለት፤ የሚከፍለው ግን የኑረምበርግ ከተማ ነበር። ማክሲሚልያን በጥር 1519 ሲሞት ከተማው መክፈሉን አቆመ። ዱረርም በ1520 አዲሱን ንጉሠ ነገሥት ካርሎስን ደጅ ሊጠና እስከ ኔዘርላንድ ተጓዘ፣ አስጸደቀም። የበሩን ጣውላዎች ያስቀረጸው ሂሮኒሙስ አንድሬ ደግሞ በ1525 ጀርመን አገር ገበሬዎች በተነሱ ጊዜ ከእነሱ ጋር በመወገኑ ታሰረ። ለንጉሥ ክብር ቢላዋ ያነሳ እጅ ልቡ ሌላ ዘንድ ነበር።

ማክሲሚልያን ሰልፉን ታትሞ አላየውም። ያሳተመው የልጅ ልጁ ፈርዲናንድ ነው፣ በ1526። ሰልፈኞቹ የያዟቸው ሰሌዳዎች የውዳሴ ግጥም ሊጻፍባቸው ታስቦ ነበር፤ ግጥሙ ግን ሳይቀረጽ ቀረ። የድንቹን ሕግ አስታውሱ፤ ያልተቆረጠ እንጨት ጥቁር ያትማል። ሥዕሉን ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ለጥፌዋለሁ። ቀረብ ብላችሁ ጥቋቁሮቹን ሰሌዳዎች ፈልጉ።