ምዕራፍ ስድስት፦ ወረቀትሽ በማን እጅ ነው?

ከሶዶ፣ ከቦዲቲ ወይም ከአረካ ተድራ ወደ ደቡብ አፍሪካ የምትሄድ ልጅ ብዙ ጊዜ ሙሽራውን የምታውቀው በስልክና በፎቶ ነው። ሽማግሌ የላከው የእሱ ቤተሰብ፣ የመንገዱን የከፈለው እሱ። ጆሃንስበርግ፣ ኢትዮጵያውያን የሚነግዱበት ጄፒ ሰፈር ስትደርስ ሱቁም የእሱ፣ ቤቱም የእሱ፣ አገሩን የሚያውቀውም እሱ ነው። የመኖሪያ ወረቀቷ በባሏ የጥገኝነት ፋይል ላይ የተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ ጭራሹን የለም። ዱላ ሲጀመር ታዲያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ «ለፖሊስ ብትናገሪ የምትባረሪው አንቺ ነሽ።»

ይህ ዛቻ የሚይዘው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ሊባረር ይችላል። ባልየው የሚደብቀው ሌላውን ግማሽ ነው። የደቡብ አፍሪካ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ (እ.ኤ.አ. 1998) ከለላውን ለዜጋ ብቻ አልሰጠም፤ የተደበደበች ሴት ከማጅስትሬት ፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ መጠየቅ ትችላለች። ትእዛዙ ዱላውን ይከለክላል እንጂ የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም፤ ሁለቱን አታምታቺ። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ የዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ጥቃት ከደረሰባት፣ ባሏ ሳይሰማ በራሷ ስም ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ትችላለች። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም ማመልከቻውን ለባልየው እንዳይነግር ሕግ ያስረዋል።

ግን እዚያ የሚጠየቀው ማስረጃ ነው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ የተፈጸመ ጋብቻ በአገራችን ሕጋዊ ነው፤ የውጭ አገር ባለሥልጣን ግን የሚያየው የምስክር ወረቀት ነው። ስለዚህ ሳትሄጂ በቀበሌሽ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አስመዝግቢ። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱንና የፓስፖርትሽን ፎቶ ለእህትሽ በቴሌግራም ላኪ። ባልሽ ዋናውን «እኔ ላስቀምጥልሽ» ካለሽ፣ ምክንያቱን ጠይቂው።

ከሁሉ የሚከብደው የቤተሰብ መልስ ነው። ልጅ ደውላ ስታለቅስ «ቻይው፣ ገመናሽን ሸፍኚ» ትባላለች። የወንድሟ ባጃጅ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ባልየው ከላከው ገንዘብ የመጣ ከሆነ ምክሩ ንጹሕ አይደለም፤ በግልጽ መናገር ይሻላል። የኛም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 ሚስትን መደብደብን ወንጀል ብሎታል፤ የባልና ሚስት ጉዳይ ብሎ አላለፈውም።

እናንት ወላጆች፣ ልጃችሁ ስትደውል «ቻይው» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቋት፦ «ፓስፖርትሽ በማን እጅ ነው?» በእሱ እጅ ነው ካለቻችሁ፣ ቅጂው እናንተ ዘንድ እንዳለ ንገሯት፤ መመለስ ከፈለገችም በሩ ክፍት መሆኑን ጨምራችሁ ንገሯት።