ዕቃን በየስፍራው ስለ ማኖር

ኮንጋ በጌዴኦ ምድር ከይርጋ ጨፌ አጠገብ የሚገኝ፥ ቡና በእንሰትና በዛፍ ጥላ የሚበቅልበት አገር ነው። ከባሕር እጅግ የራቀ ስለ ሆነ የማዕበል ድምፅ አይሰማበትም። ነገር ግን የኮንጋ ቡና ታጥቦና ደርቆ በጆንያ ከታሰረ በኋላ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከዚያም በመርከብ ባሕሩን ይሻገራል። በባሕር ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠብቁት አንድ ሥርዐት አለ፤ እርሱም በየብስ ለሚኖር ሰው ይጠቅማል።

ይህ ሥርዐት ይልቁንም ሦስት ወይም አራት ሰዎች ብዙ ሳምንት በሚሰነብቱባት በትንሽ ባለሸራ ጀልባ ላይ ይታያል። ሰነፍ ሰው ዕቃውን ባገኘበት ይጥላል። ብልህ ባሕረኛ ግን ከወደብ ሳይወጣ ከባዱን ዕቃ በታች ያኖራል፤ ገመዱን ጠቅልሎ ይሰቅላል፤ መተላለፊያውን ባዶ ያደርጋል። ማዕበል ሲነሣ ጀልባይቱ ወደ ጎን ትጋደማለችና ያልታሰረው ሁሉ ይንከባለላል። በወለሉ ላይ የተተወ ገመድ እግርን ይጠልፋል፤ ወደ ውሃ ከወደቀም በሞተሩ መዘውር ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን ያቆማል።

ሕይወት የሚያድነው ዕቃ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚያንሳፍፈው ሰደርያ ከጓዝ በታች አይቀበርም። እሳት ማጥፊያው ከምድጃው በላይ አይሰቀልም፤ ምድጃው ሲነድ እጅ ወደዚያ ሊደርስ አይችልምና። ስለዚህ ስፍራው ከመውጫው በር አጠገብ ነው። ለወደቀ ሰው የሚወረወረው ቀለበት መሪውን በያዘው ሰው እጅ አጠገብ ይሆናል። በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ በ10 ሴኮንድ ውስጥ 30 ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ቀለበቱን በመፈለግ የጠፋች ጥቂት ጊዜ የሰውን ነፍስ ታጠፋለች።

ሳይዘጋጁ መጓዝ የሚያመጣውን ጥፋት ዓለም ሁሉ በታይታኒክ አይቷል። ይህች ታላቅ መርከብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. ከበረዶ ተራራ ጋራ ተጋጭታ ሰጠመች። በውስጧ ከ2,200 የሚበልጡ ሰዎች ሳሉ፥ 20ዎቹ የማዳኛ ጀልባዎች የሚይዙት 1,178 ሰው ብቻ ነበር፤ ከእነርሱም አያሌዎቹ ሳይሞሉ ወረዱ። 1,500 ያህል ሰዎች ሞቱ። በ1914 ዓ.ም. መንግሥታት በሎንዶን ተሰብስበው ስለ ባሕር ደኅንነት ውል አደረጉ። ዛሬ በታላላቅ መርከቦች ላይ ሰደርያው በቀላሉ በሚገኝበት ስፍራ እንዲቀመጥ፥ ስፍራውም በምልክት እንዲታወቅ፥ መርከበኞችም በየወሩ ከመርከብ መውጣትን እንዲለማመዱ ሕግ ያዛል።

በኮንጋ ያለ ቤትም በዚህ ነገር ከጀልባይቱ አይለይም። ሌሊት እሳት ቢነሣ በበሩ ላይ የተከመረ ማገዶ የቤተ ሰቡን መውጫ ይዘጋል። ባዶ የተተወ እንስራ እሳትን አያጠፋም። ጉድጓድ ለገባ ልጅ ገመድ ሲፈለግ፥ ገመዱ የት እንደ ተጣለ የማያውቅ ቤት ባለገመድ ሊባል አይችልም። ዕቃው አለ፤ ግን በጊዜው አልተገኘምና እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ ዕቃን በየስፍራው መመለስ ለዐይን ውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ማታ ደክሞት ሳለ ገመዱን ጠቅልሎ የሚሰቅል ልጅ፥ ስሙን ለማያውቀው ቀን የሰውን ሕይወት ያስቀምጣል። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው፤ ማዕበሉ ከመጣ በኋላ የሚያዘጋጅ ሰው ዘግይቷል።

ጥያቄ።
1. እሳት ማጥፊያ ከምድጃ በላይ የማይሰቀለው ስለ ምንድር ነው?
2. ዕቃ እያለ እንደሌለ የሚቆጠረው መቼ ነው?
3. በቤት ውስጥ በጨለማ ሊገኙ የሚገባቸው ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው? ስፍራቸውስ የት ነው?