የጥይትን አፍ ማጥበቅ ዒላማን ያሻሽላልን?

የአንድ ጠመንጃ ጥይት አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ቀለሃው፣ መለኮሻው (ካፕሱሉ)፣ ባሩዱና አረሩ ናቸው። በአሜሪካና በሌሎች አገሮች በሚገኙ የዒላማ ተኩስ ስፖርተኞች ዘንድ የተተኮሰ ቀለሃን ሰብስቦ በእጅ መልሶ መሙላት የተለመደ ነው። በእነዚሁ ስፖርተኞች መካከል አንድ የቆየ ክርክር አለ። ይኸውም አረሩ በቀለሃው አንገት ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ የቀለሃውን አፍ ወደ ውስጥ ጨምቆ ማጥበቅ ጥይቶቹ ይበልጥ ተቀራርበው እንዲያርፉ ያደርጋል ወይስ አያደርግም የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥይት አሞላልን ማስተማር አይደለም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ በፊዚክስና በስታቲስቲክስ እንዴት እንደሚመረመር እንመለከታለን።

ማጥበቅ ለምን አስፈለገ?

የቀለሃው አንገት ከአረሩ በጥቂቱ የጠበበ ስለሆነ አረሩን በራሱ ይይዛል። ሆኖም ይህ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ ያህል እንደ ዊንቸስተር 1894 ባሉ ጠመንጃዎች ጥይቶቹ በቱቦ መሰል ካዝና ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ይደረደራሉ። የካዝናው ሞላ ግፊትና የተኩሱ ምት አንድ ላይ ሆነው አረሩን ወደ ቀለሃው ውስጥ ሊገፉት ይችላሉ። አረሩ ወደ ውስጥ ከገባ የባሩዱ ቦታ ይጠብባል፤ ግፊቱም ከሚገባው በላይ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነቱ ጠመንጃ አፍን ማጥበቅ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ክርክሩ የሚነሣው ይህ ምክንያት በሌለበት፣ ጥይት አንድ በአንድ በሚጎርስ የዒላማ ጠመንጃ ላይ ነው።

የሁለት ኃይሎች ንጽጽር

የአረሩ ዲያሜትር 7.8 ሚሊ ሜትር ቢሆን የጀርባው ስፋት 48 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የባሩዱ ጋዝ ከፍተኛ ግፊት 300 ሜጋ ፓስካል ነው ብንል፣ አረሩን የሚገፋው ኃይል 14,400 ኒውተን ይሆናል። በአንጻሩ አንገቱ አረሩን የያዘበት ኃይል 250 ኒውተን ቢሆን፣ ጋዙ ከከፍተኛው ግፊት 2 በመቶ እንኳ ሳይደርስ ያሸንፈዋል። ታዲያ ማጥበቅ ትርጉም የለውም ማለት ነውን? አይደለም። ባሩድ የሚቃጠልበት ፍጥነት በግፊቱ መጠን ስለሚወሰን፣ አረሩ የሚነቀልበት ቅጽበት ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በጥቂቱ ይለውጣል። ስለሆነም ዋናው ነገር አያያዙ መጥበቁ ሳይሆን ከጥይት ወደ ጥይት አለመለያየቱ ነው።

እዚህ ላይ ማጥበቅ የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። ቀለሃ በተተኮሰና በተሞላ ቁጥር ይረዝማል። ርዝመታቸው እኩል ያልሆነ ቀለሃዎች በአንድ መሣሪያ ሲጠብቁ ረጅሙ አብዝቶ፣ አጭሩ ግን በጥቂቱ ይጠብቃል። በተጨማሪም ዙሪያውን ለዚሁ የተቀረጸ ቦይ የሌለው አረር በኃይል ሲጨመቅ ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል።

ፍጥነትና ርቀት

እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አረር በተንጠለጠለ ፔንዱለም ላይ ሲያርፍ ከሚፈጠረው ውዝዋዜ ፍጥነቱን ማስላት እንደሚቻል አሳይቷል። ዛሬ ይህንኑ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መለካት ይቻላል። አንዱ አረር በሴኮንድ 800 ሜትር፣ ሌላው 790 ሜትር ተጓዘ እንበል። የአየርን ተቃውሞ ትተን በስበት ሕግ ብናሰላ፣ በሁለቱ አረሮች አወራረድ መካከል ያለው ልዩነት በ100 ሜትር ርቀት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በ300 ሜትር 1.8 ሴንቲ ሜትር፣ በ600 ሜትር ደግሞ 7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ በርቀቱ ካሬ መጠን ያድጋል ማለት ነው። ስለዚህ በ100 ሜትር ላይ ተሞክሮ «ለውጥ የለም» የተባለ ነገር በ600 ሜትር ላይ ለውጥ ሊያሳይ ይችላል።

አምስት ጥይት ምን ይነግረናል?

ብዙውን ጊዜ ተኳሹ አምስት የጠበቁና አምስት ያልጠበቁ ጥይቶች ይተኩስና በየወረቀቱ ላይ እጅግ በተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ይለካል። አንዱ 20፣ ሌላው 26 ሚሊ ሜትር ቢሆን «ልዩነቱ ታየ» ይላል። ነገር ግን ፍጹም አንድ ዓይነት በሆኑ ጥይቶች እንኳ የአምስት ጥይት ልኬት በአጋጣሚ ብቻ ከአማካዩ ሩብ ያህል ከፍና ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ስለሆነም ከላይ የታየው ልዩነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በየዓይነቱ አሥር አሥር ልኬቶች ተወስደው አማካያቸው ቢነጻጸር ግን የአጋጣሚው ድርሻ ወደ 9 በመቶ ዝቅ ይላል። ከዚህም ሌላ ሁለት ቀዳዳዎችን ብቻ ከመለካት ይልቅ የሁሉንም ቀዳዳዎች ከመካከላቸው ያላቸውን አማካይ ርቀት ማስላት ከእያንዳንዱ ጥይት መረጃ እንድናገኝ ይረዳል።

የሙከራው አካሄድም ጥንቃቄ ይሻል። የጠበቁት ሁሉ በቅድሚያ፣ ያልጠበቁት ደግሞ በኋላ ቢተኮሱ፣ የጠመንጃው መጋልና የተኳሹ ድካም ከማጥበቁ ውጤት ጋር ይደባለቃሉ። ስለዚህ ሁለቱን ዓይነት በዕጣ ማፈራረቅ፣ ከተቻለም ተኳሹ የትኛውን እንደሚተኩስ እንዳያውቅ ማድረግ ተገቢ ነው። ከማጥበቁ በቀር ባሩዱ፣ አረሩና የቀለሃው ርዝመት አንድ መሆን አለባቸው።

በአጠቃላይ፣ አረሩ ከቦታው እንዳይንሸራተት የሚያሰጋ ምክንያት ካለ ማጥበቅ ግድ ነው። ምክንያቱ በሌለበት የዒላማ ጠመንጃ ግን፣ እኩል በሆነ የአንገት አያያዝ ላይ ተመሥርቶ ሳያጠብቁ መጀመር የሚሻል ሲሆን፣ ማጥበቅ ይጠቅማል የሚል ሰው በበቂ ቁጥር ለክቶ ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህ ሥርዓት ለጥይት ብቻ የተወሰነ አይደለም። አንድ ማዳበሪያ ምርት ጨመረ፣ አንድ መድኃኒት አዳነ ሲባል በሰማን ጊዜም ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄ ይኸው ነው፤ ስንት ጊዜ ተለካ? በአጋጣሚ ብቻስ ምን ያህል ልዩነት ይጠበቅ ነበር?