ከየት ነው የጀመርሽው?

ቆዪ፣ ግራይንደሩን አስቀምጪው። ገና አልቆረጥሽም፤ ስለዚህ ገና አልከሰርንም። ሜትሩን መልሰሽ ዘርጊውና አሳዪኝ፤ ከየት ነው የጀመርሽው?

ከጫፉ? እሺ። ጫፉ ላይ ያለችውን መንጠቆ ነካ አድርጊያት። ወዲያ ወዲህ ትላለች አይደል? ባለፈው «ላልታለች» ብለሽ በመዶሻ ልታጠብቂያት ስትነሺ አይቼሻለሁ። አልተበላሸችም እህቴ፤ ሆን ተብሎ ነው የላላችው። የምትንቀሳቀሰው በራሷ ውፍረት ልክ ነው። ቱቦላሬው ጫፍ ላይ አንጠልጥለሽ ስትስቢያት ትወጣለች፣ ግድግዳ ላይ ስትገፊያት ትገባለች፤ በሁለቱም ዜሮው ቦታውን ይይዛል። ካጠበቅሻት ግን ከሁለቱ አንዱ ልክ ሁልጊዜ ይዋሽሻል። ሜትሩ ወድቆ መንጠቆዋ ስትጣመምም እንደዚያው ነው።

መንጠቆዋን ያላመነ ሰው ከ10 ሳንቲም መስመር ይጀምራል። ደህና ዘዴ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ፣ እየፈራሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የ120 ሳንቲም ቁራጮች ታዝዤ ከ10 ጀመርኩና 120 ላይ ምልክት አደረግኩ። ስምንቱንም። ሁሉም 110 ሆነው ቀሩ። አሠሪዬ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ቁራጮቹን መግቢያው ላይ ደርድሮ ሳምንት ሙሉ እየተራመድኩባቸው እንድገባ አደረገኝ። ዛሬ ከ10 ስጀምር «መቶ ሠላሳ!» ብዬ ጮክ እላለሁ። ይሳቁብኝ።

ምልክትሽን ደግሞ እዪው እስቲ። የጠመኔው መስመር ብቻውን 3 ሚሊ ይወፍራል፤ የትኛው ጠርዝ ነው ልኩ? ጠመኔውን ቀባ አድርጊና ስኳድራውን አስደግፈሽ በላዩ ላይ በሹል ብረት ጫሪው። ቁጥሩን ስታነቢ ዓይንሽ ከላይ ቀጥ ብሎ ይሁን፣ ከጎን አይደለም። ከዚያ የሚጣለው ወገን ላይ ኤክስ አድርጊና ዲስኩን በዚያ በኩል አስኪጂ፤ ዲስክ ብረት ይበላላ! ጠዋት ለሰውዬው «ከአንድ ባለ 6 ሜትር አራት ባለ 150 ይወጣል» ስትዪው ሰምቼ አፍሬ ዝም አልኩ። አይወጣም። በ3 ሚሊ ዲስክ ሦስት ጊዜ ስትቆርጪ 9 ሚሊ ብናኝ ሆኖ ይቀራል፤ አራተኛው 149 ሳንቲም ከ1 ሚሊ ነው የሚሆነው። ያውም ብረቱ እውነት 6 ሜትር ከሞላ ነው። ሻጩ ስላለሽ አትመኚው።

የደረጃውን መደገፊያ ዘንጎች ስትደረድሪ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየለካሽ አትሂጂ። በየአንዳንዱ 1 ሚሊ ብትስቺ አሥራ ሁለተኛው ላይ ከ1 ሳንቲም በላይ ስተሻል። ሁሉንም ከአንድ ጫፍ ለኪ። ቁራጭም እንዲሁ ነው፤ አዲሱን በመጨረሻ በቆረጥሽው ሳይሆን በመጀመሪያው መትሪው።

እኔ በጣም የምፈራው ግን እዚህ የምንለካውን ሳይሆን ሰው ቤት ሄደን የምንለካውን ነው። የመስኮቱን ክፍት ቦታ አንድ ጊዜ መሐሉ ላይ ለክተሽ አትመለሺ። ላይ፣ መሐል፣ ታች፤ ቁመቱንም ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ። ግንበኛ ቀጥ ያለ ነገር አይሰጥሽም፤ ትንሹን ያዢና ከዚያም መግቢያ ክፍተት ቀንሺ። ሜትሩን ማዕዘን ላይ አጥፈሽ በግምት አታንብቢ፤ የሜትሩ ቤት ርዝመት ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ ተጽፏል፣ ቤቱን ግድግዳው ላይ አስጠግተሽ ደምሪው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጠይቂ፦ ልስን ተሠርቷል? ካልተሠራ በየጎኑ 2 ሳንቲም ቢለሰን 4 ሳንቲም በላብሽ ማለት ነው። ያኔ ባለቤቱ መስኮቱ ገዘፈ ይላል፣ ግንበኛው እኔን አትዩኝ ይላል፣ የሚፈጨው የኛ ብረት ነው።

ጎኖቹ ሁሉ ልክ ሆነውም መስኮት ይዛነፋል። አራቱን ማዕዘን ነካ ነካ አድርገሽ በይጂና ሙሉውን ሳትበይጂ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ለኪ። ለ120 በ150 ሁለቱም ሰያፍ 192 ሳንቲም ከ1 ሚሊ ገደማ መምጣት አለባቸው። አንዱ ከረዘመ በረዘመው በኩል ገፋ አድርጊው። ከውጭ ማዕዘን ከጀመርሽ ውጭ ላይ ጨርሺ፤ ከውስጥ ከጀመርሽ ውስጥ ላይ። ብረቱ ከብየዳ እንደወጣ ትኩስ እያለም አትለኪው፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል።

በይ፣ አሁን መልሰሽ ዘርጊው። እኔ መንጠቆዋን እይዛለሁ፣ አንቺ ቁጥሩን ጥሪ።