አዲስ ነርስ ሐኪም የምትጠራበት ጊዜ

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወቅት በወሎ ክፍለ ሀገር በኮረም፣ በትግራይ ክፍለ ሀገር ደግሞ በመቀሌ የተቋቋሙት መጠለያዎች ሕሙማኑ እልፍ፣ ሐኪሞቹ ግን ጥቂቶች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ሌሊቱን ከሕፃናት ጋር የሚያድሩት ነርሶችና ጤና ረዳቶች ናቸው። ስለሆነም የሐኪሙ ዕውቀት ለታመመው ሕፃን የሚደርሰው ነርሷ በወቅቱ ስትጠራው ብቻ ነው።

አዲስ ነርስ ብዙ ጊዜ የምታመነታው ሳታረጋግጥ ሐኪም ብትቀሰቅስ እንዳትነቀፍ በመስጋት ነው። ይሁን እንጂ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን የሳንባ ምች ይዞትም ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። ሲያለቅስ የቆየ ሕፃን ዝም ቢል ተሻለው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ነርሷ ከዚህ በታች ከተመለከቱት አንዱን እንዳየች ሐኪም መጥራት አለባት፦

1ኛ/ ሕፃኑ መመገብ ሲያቆም፣ የወሰደውን ሁሉ ሲያስመልስ፣ ሲፈዝ ወይም ሲያንዘፈዝፈው፤

2ኛ/ በብብት የተለካው ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን፤

3ኛ/ ትንፋሹ በደቂቃ 5፣ የልብ ትርታውም በደቂቃ 25 ወይም ከዚያ በላይ ከቀድሞው ሲጨምር።

ሦስተኛው ምልክት በተለይ ፈሳሽ ሲሰጥ፣ ወይም ምግቡ ከኤፍ 75 ወደ ኤፍ 100 ሲለወጥ ልብ ከአቅሙ በላይ መጫኑን ሊያመለክት ይችላል። ለምሳሌ የአንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ትንፋሽ ጧት 34፣ ትርታው 108 ቢሆን፤ ማታ ደግሞ ትንፋሹ 39፣ ትርታው 134 ቢደርስ፣ የማታው ቁጥር ብቻውን ላያስደነግጥ ይችላል። አደጋውን የሚገልጸው ልዩነቱ ነው። የጧቱ ቁጥር ካልተመዘገበ ግን ልዩነቱ አይታወቅም። ሕፃኑ እያለቀሰ ከተቆጠረም ጸጥ ሲል እንደገና ይቆጠራል።

መልእክቱ «ሕፃኑ ደክሟል» በሚል ብቻ መቅረት የለበትም። የሕፃኑ ዕድሜ፣ የቀድሞውና የአሁኑ ቁጥር፣ ለውጡ የታየበት ሰዓትና የተሰጠው ምግብ ወይም ፈሳሽ በአጭሩ ይነገራል። ሐኪሙ እስኪደርስም ሥራ አይቆምም። የቀዘቀዘው ሕፃን ከእናቱ ገላ ጋር ተጣብቆ ይሸፈናል፤ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነም ወዲያውኑ ይመገባል። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሦስተኛውን ምልክት ካስከተለ ይቆማል።

የጣቢያ ኃላፊዎችም ድርሻ አላቸው። ተረኛው ሐኪም ማን እንደሆነ፣ እርሱ ከሌለ ማን እንደሚጠራና መልእክተኛው በየት እንደሚሄድ በጽሑፍ ተለጥፎ መታየት ይገባዋል። ተጠርቶ ነገሩ ቀላል ሆኖ ቢገኝ ሐኪሙ የሚያጣው እንቅልፉን ነው፤ ሳይጠራ ቢያድር ግን የሚጠፋው ሕይወት ነው። አንድ ጊዜ የተገሠጸች ነርስ በሌላ ሌሊት ዝም ልትል ስለምትችል፣ በቅን ልቦና ሐኪም የጠራች ነርስ ልትወቀስ አይገባም።