ማስተማራችሁም ማስረጃ ይኑረው

ምርምር ጆርናል ላይ ታትሞ፣ ስማችሁን ይዞ ይቀመጣል። ማስተማር ግን ሰሌዳው ሲጠረግ አብሮ ይጠፋል። ለረዳት ፕሮፌሰርነት ወይም ለውጭ አገር ሥራ የማመልከቻው ጊዜ ሲደርስ፣ ስንቱ ጎበዝ አስተማሪ ከኮርስ ዝርዝር ያለፈ የሚያሳየው ያጣል! ወጣት መምህራን፣ እናንተ ግን ከአሁኑ መሰነቅ ትችላላችሁ። ስንቁ የማስተማር ፖርትፎሊዮ ይባላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የካናዳ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ቀድሞ «የማስተማር ዶሴ» ብሎ አስተዋወቀው፤ አሜሪካዊው ፒተር ሴልዲን ደግሞ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስፋፋው። በአገራችንም የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራምን (ኤችዲፒ) የወሰዱ መምህራን ያውቁታል። ያሳዝናል፣ ሰርተፍኬቱ ከተሰጠ በኋላ ፋይሉን ዳግም የሚከፍተው ጥቂት ነው።

መጀመሪያ የሚጻፈው የማስተማር ፍልስፍናችሁ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ይበቃል። «ተማሪ ተኮር ነኝ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ሁሉም የሚለው ነው። የሆነውን ተናገሩ። አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት እናስብ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቿ የሊሚቲንግ ሪኤጀንትን (ቀድሞ አልቆ የምርቱን መጠን የሚወስነውን ግብዓት) ጥያቄ ሚድ ላይ በጅምላ ሳቱባት። በቀጣዩ ዓመት ትምህርቱን በቀመር አልጀመረችም፤ «አሥር ዳቦና አራት እንቁላል ቢኖረን፣ ባለ አንድ እንቁላል ሳንዱች ስንት ይወጣል?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ፤ ገባውም። አሁን የቀድሞውን ፈተና፣ አዲሱን የክፍል መልመጃና ስማቸው የተሰረዘ የተማሪዎች መልሶችን ጎን ለጎን ታስቀምጥ። በእኔ ሚዛን እነዚህ ወረቀቶች ከአሥር የሥልጠና ሰርተፍኬት ይበልጣሉ፤ ሰርተፍኬት መገኘታችሁን እንጂ ተማሪው መማሩን አይናገርም።

የተማሪዎች ግምገማም ይግባ። ዝቅ ያለውን ውጤት አትደብቁት፤ ከሥሩ ምን እንዳስተካከላችሁ ጻፉበት። ገምጋሚ ኮሚቴ ፍጹም ሰው አይፈልግም፣ የሚያድግ መምህር ሲያይ ግን ልቡ ይከፈታል። ዋናው ጽሑፍ አጭር ይሁን፤ ኮርስ አውትላይኑና ፈተናው በአባሪ ይከተሉ።

ጊዜ የለኝም እንዳትሉ! ፋይናል ሳይደርስ አንድ ፎልደር ክፈቱ። የዚህን ሴሚስተር አውትላይን አስገቡና ክፍል ውስጥ የለወጣችሁትን አንድ ነገር በአምስት መስመር ጻፉ። ከዚያ የምታምኑትን የዲፓርትመንት ባልደረባ አንድ ክፍለ ጊዜ ገብቶ እንዲያያችሁና አስተያየቱን ጽፎ እንዲሰጣችሁ ዛሬውኑ ጠይቁት።