ስለ ቤት ኮምፒውተር ሀርድ ዲስክ ማሳሰቢያ

ፍጥነትና አስተማማኝነት በአንድ ዕቃ አይገዙም። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ኮምፒውተሩን ያፈጥናል፤ የልጅዎን የክርስትና ፎቶ የሚያተርፈው ግን ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ነው።

• ላፕቶፑ ተንቀራፈፈ ብለው አዲስ ለመግዛት አይቸኩሉ። ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነ መጀመሪያ ዊንዶውሱን ወደ ኤስኤስዲ ያዛውሩ። የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ሳታ በሚባለው መስመር የሚገናኝ ኤስኤስዲ እስከ 550 ይደርሳል። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው፦ ዊንዶውስ ሲነሳ በየቦታው የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ይፈልጋል፤ የአሮጌው ዲስክ ማንበቢያ ክንድ እነሱን ለመልቀም ወዲያ ወዲህ ሲል ጊዜው ያልቃል።

• ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ከሳታ የፈጠነ ኤስኤስዲ ከመግዛትዎ በፊት ኮምፒውተሩ እንደሚቀበለው ያረጋግጡ። አንዳንዱ መሰኪያ ሳታ ብቻ ነው፤ ገባ ማለት ሠራ ማለት አይደለም።

• የሠርግ ቪዲዮና ፊልም በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ቢቀመጥ ይበቃል። ዋጋውም ይቀላል።

• ለፍጥነት ብለው ሁለት ዲስክ ፋይሉን ለሁለቱ በሚያከፋፍለው በሬይድ 0 አያጣምሩ፤ አንዱ ሲሞት የሁለቱም ፋይል ይጠፋል። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቅጂ የሚይዘው ሬይድ 1 ከዚህ አደጋ ያድናል። ይሁን እንጂ በስህተት የሰረዙትን ከሁለቱም ላይ ይሰርዛል፤ ስለዚህ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም። ሻጭ ሁሉ ይህን አይነግርዎትም።

• ባክአፕ ያደረጉበትን ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ) ዲስክ ሥራው እንዳለቀ ይንቀሉት። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተሰካውን ዲስክም አይምርም። ከተቻለ አንድ ቅጂ እህትዎ ቤት ይቀመጥ፤ ላፕቶፑን የሚወስድ ሌባ አጠገቡ ያለውን ዲስክ አይተውልዎትም።

• ዴስክቶፕን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አይጠቀሙ። የሚሰጥዎት ጥቂት ደቂቃ ፋይል አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት ነው፤ ፊልም ለመጨረስ አይደለም። ዩፒኤስ ከሌለ፣ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ኃይሉ ሲመለስ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል።

• በትንሽ ገንዘብ «16 ቴራባይት» የሚባል ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል አይግዙ። ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ሆኖ ለኮምፒውተሩ የውሸት መጠን እንዲናገር የተደረገ ነው። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ምንም ሳይል ፋይሉን ያበላሻል፤ የሚያውቁት ሲከፍቱት ነው። አዲስ ዕቃ ላይ ፋይል ከመጫንዎ በፊት ኤችቱቴስትደብልዩ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሞልተው መልሰው ያስነብቡት። ሰዓታት ይወስዳል፤ ይታገሱ።

• ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ወዲያው ያጥፉት። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ሲልዎ እሺ አይበሉ፤ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው ለማዳንም አይሞክሩ፤ በራስዎ አይክፈቱት። ብናኝ ከገባበት ባለሙያም ላያድነው ይችላል።

• አሮጌ ኮምፒውተር ሲሸጡ ፈጣን ፎርማት አይበቃም፤ ፋይሉ ተመልሶ ሊገኝ ይችላል። ዊንዶውስን ወደ መጀመሪያ ሁኔታው ሲመልሱ (ሪሴት ሲያደርጉ) ዲስኩን ሙሉ በሙሉ የሚያጸዳውን ምርጫ ይምረጡ። ገዢም ከሆኑና የሰው ፎቶ ወይም ሰነድ ካገኙበት አይመልከቱ፣ ለማንም አያሳዩ፤ ይሰርዙት።